ሞዴል 19 የሌለው ርክክብ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ቤት ኪራይና ስለ አከራዮች ጠባይ ስንጨዋወት፥ በሚቀጥለው ስለ ጎረቤት አንድ ነገር አነሣለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ቃል ዕዳ ነውና ዛሬ እከፍላለሁ።

ከአንባቢዎቼ አብዛኞቻችሁ ወይ ተማሪዎች ወይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኞች ስለ ሆናችሁ፥ ንብረት ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ላስረዳችሁ አያስፈልግም። ዕቃው ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19፥ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው። ሰጪው ይፈርማል፤ ተቀባዩ ይፈርማል፤ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ካርቦኑን ገልጦ አንዱን ቅጠል ለራሱ ያስቀራል። ሰው ጡረታ ሲወጣም እንዲሁ ነው፤ ጠረጴዛውን፥ ወረቀት መብሻውንና የመሳቢያውን ቁልፍ አስቆጥሮ አስረክቦ፥ የክሊራንስ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ወረቀት መብሻው ሠላሳ ዓመት ከማን እጅ ጋር እንደ ኖረ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ደግሞስ ለምን ይኖራል? ወረቀት መብሻ ማንም ቢጫነው ይበሳል።

የእጅ ባለሙያ መሣሪያ ግን ሌላ ጠባይ አለው። መላጊያን ለማያውቅ ሰው ቢሰጡት ወይ እንጨቱን ይቦጫጭረዋል፥ ወይ አልነክስም ብሎ ይንሸራተታል። ምላጩ ከአፉ ምን ያህል ብቅ ማለት እንዳለበት፥ እንዴት እንደሚሳል፥ እንጨቱ በየት በኩል ሲገፉት እሺ እንደሚል በቅጽ አይሞላም። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሣጥኑን ከፍቶ «ውሰድ» ቢላችሁ፥ የወሰዳችሁት የንብረቱን ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ በሰውዬው ጣት ውስጥ ነው፤ እርሱን ለማግኘት ብዙ ቅዳሜ መክፈል ያስፈልጋል። ይህን ያህል ቅዳሜ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጅ አይደለም። ልጅ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ነው፥ ከዚያም ሥራ ነው፥ ከዚያም ውጭ አገር ነው። ቅዳሜ ያለው ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚባለው ለለቅሶና ለሕመም ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ለመጋዝም ይሠራል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼ አይደለም። እኔ ብዙ ዓመት የኖርሁት ካዛንቺስ ነው። የሰፈሩ ስም ከየት እንደ መጣ የማታውቁ ብትኖሩ፥ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጣልያን አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ በነበረበት ጊዜ፥ ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» የሚባል ድርጅት ነበረው፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። ያገራችን አፍ አሳጠረውና ካዛንቺስ ሆነ። እንግዲህ ሰፈሩ ገና ሲወለድ የደመወዝተኛ ሰፈር ነበረ ማለት ነው።

የኛ ግቢ ግን ከጣልያን ቤቶች ኋላ የተሠራ፥ አምስት የቀበሌ ቤቶች አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ የሚጋሩበት ነበረ። ከኔ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ሰማንያን ዓመት ያለፉ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ከቤታቸው ጎን በቆርቆሮ የተከለለች፥ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው የሚታፈንባት የሥራ ክፍል ነበረቻቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ «ሥራዬን ያየ ያውቀኛል፤ ያላየ ስሜ ምን ያደርግለታል?» ብለው ከልክለውኛል። በግቢው ውስጥ ትንሹም ትልቁም ጋሼ ስለሚላቸው፥ እዚህም ጋሼ እንበላቸው።

ጋሼ ሙያውን የለመዱት በ1940ዎቹ፥ ገና በልጅነታቸው፥ ከአንድ ጣልያናዊ አናጢ ዘንድ ነው። ጦሩ ከተሸነፈ በኋላ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እዚሁ የቀሩ ጣልያናውያን መካኒኮች፥ ግንበኞችና አናጢዎች ጥቂት አልነበሩም፤ ሰውዬው ከነዚያ አንዱ ነበር። ጋሼ መጀመሪያ የተቀጠሩት ኮላ ለማሞቅና ሰጋቱራ ለመጥረግ ነው። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካውም ትርፍ ቤቱም ሲወረስ፥ ጌትዬው ወደ አገሩ ለመሄድ ተነሣ፤ ሲሄድም ሣጥኑን እንዳለ ለጋሼ ትቶላቸው ሄደ። ስለዚህ እኔ ዛሬ የማወራችሁ መሣሪያ ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ያለ ፊርማ ርክክብ ተደርጎበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። አንድ ቀን ጋሼ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ሲጠሩልኝ፥ በወረቀት እየጻፍሁ ለሁለት ከፈልሁት። መዶሻ፥ መሮ፥ ጉጠት፥ ወስፌ፥ መጥረቢያ በአንድ ወገን፤ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ሞርሳ፥ ቡሎን፥ ዳዶ፥ ላሜራ፥ ኮላ፥ ሰጋቱራ በሌላው ወገን። ሁለተኛው ወገን ሁሉ ጣልያንኛ ነው። ጦሩ አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ መርካቶ ውስጥ ይሸጥበታል ይገዛበታል። ይህ የሆነው በአዋጅ አይደለም። ሽማግሌው ጣልያናዊ «ፒንሳ» ሲል ልጁ ፒንሳ አቀበለ፤ ያም ልጅ አርጅቶ እኔን «ፒንሳውን አቀብለኝ እስቲ» አለኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ወዳጅነታችን የተጀመረው በእምቢታ ነው። የቤቴ በር ከማጠፊያው ተላቅቆ ካቻቢቴ ልዋስ ሄድሁ። «ልጄ፥ እኔ መሣሪያ አላውስም» አሉኝ በትሕትና፤ «እጄን ግን አውሳለሁ።» ካቻቢቴውን በእጃቸው ይዘው መጡና፥ ቡናው ሳይፈላ በሩ ቀጥ አለ። ምክንያቱን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የነገሩኝ። የተዋሰ ሰው ካቻቢቴውን መሮ፥ መሮውን ካቻቢቴ ያደርገዋል፤ መላጊያውን ደግሞ ሚስማር ላይ ያስኬደዋል። አንድ ጊዜ ሚስማር የነካ የመላጊያ ምላጭ አፉ እንደ ወለቀ ጥርስ ሆኖ ይቀራል፤ በላገ ቁጥርም ጣውላው ላይ መሥመር ይተዋል። ለማዳን ያለው መንገድ ያ ስንጥቅ እስኪያልቅ ድረስ ብረቱን ሁሉ ሞርዶ መጨረስ ነው። አንተ በአሥር ደቂቃ የሠራኸውን ጥፋት ባለቤቱ ግማሽ ቀን ይከፍልበታል። አንባቢ ሆይ፥ የሰው መሣሪያ ተውሰህ የምትመልስ ከሆነ ከወሰድኸው ይልቅ ስል አድርገህ መልስ፤ ይህን ካልቻልህ ባለቤቱን ቡና ጋብዘውና እርሱው ይሥራልህ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣውላ ሲቆርጡ ጫፉን የሚይዝ ሰው ሲያጡ በግድግዳው ላይ ያንኳኩልኝ ጀመር። ጣውላ መያዝ ሥራ አይመስልም። ነገር ግን ያዡ ጫፉን ከፍ ካደረገው ቁርጡ ይገጥምና መጋዙ ይታነቃል፤ ዝቅ ካደረገው ደግሞ ሊያልቅ ሲል የጣውላው ጥግ ተገንጥሎ ይቀራል። የመጋዙን ድምፅ እየሰሙ ማስተካከል ነው። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ጫፍ ስይዝና ሰጋቱራ ስጠርግ ቆየሁ።

ቀጥሎ እንጨት መለየት መጣ። ጽድ ገና ሲነካ በሽታው ይታወቃል፤ ምስጥ ስለማይደፍረውም ለአጥርና ለምሰሶ ይመረጣል። ዝግባ ቀጥ ያለና ለመላግ የተመቸ ነው፤ መሬት ከነካ ግን ምስጥ አይምረውም። ዋንዛ ለጠረጴዛና ለቁም ሣጥን ነው፤ ከመላጊያ ጋር አይጣላም፤ ከደረቀ በኋላም እምብዛም አይጣመምም። ወይራ ጭራሽ ብረት ነው፤ እርሱን ለእጀታ ይተዉታል። ባሕር ዛፍ ምስኪኑ ይህን ከተማ በሙሉ በጀርባው ተሸክሞ ሳለ ማንም አያመሰግነውም፤ ተጣመመ፥ ተሰነጠቀ እየተባለ ይታማል። ጋሼ ግን «ዛፉን ትናንት ቆርጠን ዛሬ ከቸነከርነው ምን ያድርግ?» ይላሉ።

ከሁሉ የረዘመው ግን የስለት ትምህርት ነበረ፤ እኔም ከሁሉ የምወደው እርሱን ነው። የመላጊያ ወይም የመሮ ምላጭ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ጠፍጣፋ ጀርባው ነው፥ ሁለተኛው ተንሸራትቶ ወደ አፉ የሚወርደው ነው። ብዙ ሰው የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ጋሼ መጀመሪያ ጀርባውን መሳያ ድንጋዩ ላይ አስተኝተው፥ ወደ አፉ በኩል ያለው እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ አስፈተጉኝ። «ጀርባው ካልተስተካከለ ፊቱን ብታሳምረው ውሸት ነው» ይሉኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ተንሸራታቹን ፊት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ማዘንበል ድንጋዩ ላይ አሳርፎ፥ እጅን ሳያወዛውዙ መግፋትና መሳብ ነው። እጅ ከተወዛወዘ አፉ ይዶለዱማል። ጥቂት ከቆየ በኋላ በጀርባው በኩል ጣት ሲዳስሰው ሻካራ ፂም የመሰለ ነገር ይበቅላል። ያ ፂም ከዳር እስከ ዳር ካልበቀለ ስለቱ ጫፍ አልደረሰም። ሲበቅል ምላጩን ገልብጦ ጀርባውን ድንጋዩ ላይ በቀስታ መሳብ ነው፤ ፂሙ ይረግፋል። ከዚያም የክንድን ጠጉር መላጨት ከቻለ ዋንዛን ይልጋል።

የመጋዝ ደግሞ ሌላ ነው። ጥርሶቹን ቀርባችሁ ብታዩ አንዱ ወደ ቀኝ፥ አንዱ ወደ ግራ በጥቂቱ ዘንበል ብሏል። ይህ ካልሆነ የቁርጡ ስፋት ከመጋዙ ውፍረት ጋር እኩል ይሆንና መጋዙ መካከል ላይ ተነክሶ ይቆማል። እንጨትን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ የሚሆነው መጋዝ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ስለሚሞረድ እያንዳንዱ ጥርስ ትንሽ መሮ ነው፤ አግድም ለመቁረጥ የሚሆነው ግን አዘንብሎ ስለሚሞረድ እያንዳንዱ ጥርስ ትንሽ ቢላዋ ነው። ጋሼ ሁለቱም ነበሯቸው። እኔ ሁለቱን በዐይን ለመለየት የቻልሁት ከስንት ቅዳሜ በኋላ እንደ ሆነ ባትጠይቁኝ ይሻላል።

መቼም በመሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ሲያረቅቅ የዋለ ሰው፥ ማታ «ምን ስትሠራ ዋልህ?» ሲሉት መልስ ይቸግረዋል። ረቂቁ ለኀላፊው ቀርቦ ይሆናል፤ ኀላፊው ስብሰባ ገብተው ይሆናል። ምላጭ ግን ወይ ፂሙ በቅሏል ወይ አልበቀለም። ይህን ነገር ከኔ ቀድመው ለምታውቁት ለምትሰፉ፥ ለምትጋግሩ፥ ብስክሌት ለምትጠግኑ አዲስ አይሆንባችሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ። ጋሼ አራት ልጆች አሏቸው። አራቱም የተማሩት በዚያ መላጊያ ነው፤ ደብተሩም የደንብ ልብሱም ከእንጨት ልጣጭ የወጣ ነው። ከአራቱ ግን መሮ መያዝ የሚያውቅ አንድም የለም። ለምን ቢባል አባትዬው ከልክለዋቸው ነው። ወንዶቹ በልጅነታቸው ወደ ሥራ ክፍሏ ሲገቡ «ወደ ደብተርህ!» ተብለው ይባረሩ ነበር። ጋሼ በወጣትነታቸው ሠርግ ቤት ተጠርተው፥ የተቀመጡበትን አግዳሚ ራሳቸው ሠርተውት ሳለ፥ «አናጢው ወደዚያ ጠጋ ይበል» የተባሉ ሰው ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውን፥ ባለ እጁን ሁሉ በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸውን በታሪክ ተምረናል። አዋጁ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ ቶሎ የሚደርሰው ጆሮ ዘንድ ነው፥ ምላስ ዘንድ ለመድረስ ዘመን ይፈጅበታል። ጋሼ ልጆቻቸውን ከዚያ ምላስ ለማዳን ብለው ከመሣሪያው አራቋቸው። አራቀዋቸውም ተሳካላቸው፤ አንዱ አሜሪካ ነው፥ አንዷ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፥ ሁለቱ አስተማሪዎች ናቸው። የዚህን ዋጋ ግን ያወቁት ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፥ ሣጥኑን ማን ይወርሰዋል የሚል ጥያቄ ሲመጣ ነው። አንድ ማታ ስለት ስንስል ሳይጠየቁ «ልጆቼን አልበደልሁም» አሉኝ፤ ጥቂት ቆይተውም «መሣሪያውን ነው የበደልሁት» አሉ። ምን እንደምመልስ ስላላወቅሁ ድንጋዩ ላይ ውሃ ጨመርሁ።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ግቢያችንም ተነሣ። ከዚያ በፊት በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰው ዕቃውን በመኪና ጭኖ ሲሄድ አይተን ስለ ነበር፥ እንደሚመጣ ሳንጠረጥር አልቀረንም። ስለ ከተማው አሠራር የሚጽፉ ሌሎች ዓምዶች አሉ፤ እኔ የማወራው ስለ አንድ ሣጥን ነው። ጋሼና ባለቤታቸው ከከተማው ዳር ወደሚገኘው የልጃቸው የኮንዶሚኒየም ቤት፥ አራተኛ ፎቅ ላይ ሊገቡ ሆነ። እዚያ መዶሻ ቢያነሡ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰው ይጮኻል። የሥራ ጠረጴዛው ደግሞ በደረጃው አይወጣም።

በዚያ ሳምንት የግቢያችንን በር ከማንም ይልቅ ያዘወተረው ቆራሌው ነው። ቆራሌውን አልወቅሰውም፤ ሥራው ነው፤ የሚገዛውም ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ ወይም መጥበሻ ሆኖ ይነሣል። ከጉድጓድ ይህ ይሻላል። ይሁን እንጂ ሣጥኑን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ክብደቱን ሲገምት ሳይ ሆዴ ባባ። ሞረዱንም፥ መሮውንም፥ የሠላሳ ዓመት ዝገት ያለበትንም የውሃ ቧንቧ በአንድ ሚዛን ነው የሚያየው። ጋሼ ሣጥኑን ከእጁ ተቀበሉና «ገና ነው» አሉት።

ማታውን ሣጥኑን አፍስሰን መረጥን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ አሮጌ ሁሉ ወርቅ አይደለም፤ የሽማግሌ ዕቃ ስለ ሆነ ብቻ የሚሳም ዕቃ የለም። እንዲህ ያለ ዕድል ቢገጥማችሁ የምታዩት ይህን ነው። መጋዙን በጀርባው በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥሩበት፤ እንደ እባብ ከተጠማዘዘ ማቃናቱ የባለሙያ ሥራ ነው። መሮውን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፤ ዝገቱ ከላይ ብቻ ከሆነ ይለቃል፥ ወደ አፉ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ ከሆነ ግን ስለት አይዝም። የመዶሻ እጀታ ከላላ ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ ውሃው እንጨቱን አሳብጦ ለጊዜው ያጠብቀዋል፥ ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ይብስበታል፤ መድኀኒቱ አዲስ ሽብልቅ ወይም አዲስ የደረቀ እጀታ ነው። በዚህ ዐይነት ስንመርጥ ከሣጥኑ ሲሶው ያህል ለቆራሌው የሚገባ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ያለ ምንም ሐዘን ነው የጣሉት። እንዲያውም ከዚያ ወዲያ የሚያሳዝነኝ አንድ የተሰነጠቀ የወይራ እጀታ ነበርና እኔ ላስቀር ስል፥ «እርሱን ማገዶ አድርገው» አሉኝ።

ከተመረጠው ላይ ግን ምንም አልተሰጠኝም፤ ያን ዕለት ማታ አይደለም። «ልጆቼ ሳይሰሙ ከዚህ ቤት አንዲት ሚስማር አትወጣም» አሉ። እሑድ ጠዋት ሦስቱ ልጆች መጡ፤ አሜሪካ ያለው በስልክ ሆነ። በመጀመሪያ እርሱ «አባዬ፥ ይሸጥ፤ እኔ ሌላ እልክልሃለሁ» ብሎ ነበር። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያና መላጊያ እንዳለው፥ ሁሉም ነገር እዚያ በአንድ ቁልፍ እንደሚሠራ አስረዳ። ጋሼ የኤሌክትሪኩን አልናቁትም፤ መሰርሰሪያውንማ እጅግ ያደንቁታል፤ ክንዳቸው ሳይዝል ስንት ቀዳዳ በሠሩ ነበር! ነገር ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለው አንድ በአንድ ሲጠራለት ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያም «ያቺ ትንሿ መሮ፥ የወይራ እጀታ ያላት፥ አለች?» ብሎ ጠየቀ። በስድስት ዓመቱ ተደብቆ ነክቷት ጣቱን የቆረጠችው እርሷ ናት። አለች ተባለ። እንግዲያው እርሷ ለኔ ትቀመጥ አለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሴት ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጇ ማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ እንደምትፈልግ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ነው ጋሼ ወደኔ ዞረው «የቀረውን አንተ ያዝ» ያሉት። ልጆቹም በየተራ «ይባረክልህ» አሉኝ። ይህን ነገር በመካከል ባያደርጉልኝ ኖሮ፥ ዛሬ መላጊያውን ባነሣሁ ቁጥር የሰው ንብረት የያዝሁ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ጎረቤታችሁ አንድ ነገር «ውሰድ» ቢላችሁ፥ ልጆቻቸው ሰምተው እንደ ሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ መጠየቁ ወዳጅነትን አይጎዳም።

ገንዘብ ላቀርብ ሞክሬ ነበር። ጋሼ አልተቆጡም፤ ጣልያናዊው ስንት እንዳስከፈላቸው ቆጥሬ ያንኑ እንድከፍል ነገሩኝ።

አሁን እኔም ያለሁት በኮንዶሚኒየም፥ ምድር ቤት ነው። የሥራ ጠረጴዛውን ለሁለት ቆርጠን አሳጥረን አስገባነው፤ የቆረጡት ራሳቸው ናቸው፥ ጫፍ የያዝሁት እኔ ነኝ። ዝገት የነበረባቸውን መሮዎች አንድ ሌሊት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌ፥ በብሩሽ ፈትጌ፥ በውሃ አጥቤ፥ ወዲያው አድርቄ ዘይት ቀባኋቸው፤ ካጠቡ በኋላ ሳያደርቁ ካቆዩት ዝገቱ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። እጀታዎቹን የተልባ ዘይት ቀባሁ። ይህን የምታደርጉ ብትኖሩ ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፥ የታጨቀ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ሳይታሰብ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ዘርግታችሁ ከቤት ውጭ አድርቁት።

የእንጨቱን መላጊያ ለመልመድ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ምላጩን በሽብልቅ የሚይዝ የድሮ ዐይነት ስለ ሆነ ማስተካከያ ብሎን የለውም። ምላጩ እንዲወጣ ራሱን በትንሽ መዶሻ መታ ማድረግ፥ እንዲመለስ ደግሞ የመላጊያውን የኋላ ጫፍ መታ ማድረግ ነው። ምን ያህል መታ እንደሚደረግ ጋሼ በቃል ሊነግሩኝ አልቻሉም፤ በስልክ «እስቲ ምታና አሰማኝ» ብለው፥ «በዛ» ወይም «ጨምር» ይሉኛል። አጠገባቸው ያሉት ባለቤታቸው በዚህ ይስቁብናል። የብሎኩ ጎረቤቶች ስለቱን ሰምተው የወጥ ቤት ቢላዋቸውን ማምጣት ጀምረዋል፤ ሁለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችም ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ ቆመው ሲያዩ ሰንብተው፥ አንደኛው ባለፈው ሳምንት ሰጋቱራውን ጠርጎልኛል። ካቻቢቴ ሊዋስ መጥቶ ነበር፤ ምን ብዬ እንደ መለስሁለት ታውቃላችሁ።

በርዝመት የሚሰነጥቀው መጋዝ ግን ገና አልመጣም። ጋሼ አራተኛ ፎቅ ይዘውት ወጥተዋል። ጥርሱ አንድ ጊዜ መሞረድ ይቀረዋል ይላሉ፤ በየወሩ ልጠይቃቸው ስሄድ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከአልጋቸው ራስጌ ቆሞ አየዋለሁ። ሞረዱን ከሣጥኑ ጋር የወሰድሁት እኔ መሆኔን ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም አላስቸኮልኋቸውም።